የስምንቱ ወታደሮች ፊት

ቻላቸው ሰዓት ጠጋኝ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጎንደር ፒያሳ፣ አንድ በረንዳ ላይ፣ እሱ የመስታወት ሳጥኑን ይዞ ከደጃችን በስተግራ ይቀመጣል፤ እኔና አባቴ ደግሞ ከውስጥ እንሰፋለን። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖርን። አሁን ሳጥኑ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ደንበኞች ጃንጥላቸውን ያስደግፉበታል። ስለ ቻላቸው ዘመዶቹም ጎረቤቶቹም ብዙ ሊናገሩ ይችላሉ። እኔ የምጽፈው አብረን ስለሠራነው ነገር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በወንድሙ በሰውአገኝ ነው። ሰውአገኝ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በደህናው ጊዜ በመተማ በኩል ሱዳን ይመላለስ ነበር። አንድ ጊዜ ከካርቱም ገበያ የካርቶን ሳጥን ይዞለት መጣ፤ "ጥቃቅን ነገር ስለምትወድ ነው" ብሎ ሰጠው። ስንከፍተው ቁመታቸው ከአውራ ጣቴ አንጓ የማይበልጥ ግራጫ የፕላስቲክ ወታደሮች ሞልተውበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በሰሜን አፍሪካ በረሃ የተዋጉ የእንግሊዝና የጣልያን እግረኞች ናቸው። ቀለም ይቀባሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ይሰለፋሉ፤ በሜትር እየተለካ ይራመዳሉ፤ ዳይስ፣ ባለ ነጥቡ ጠጠር፣ እየተወረወረ ይታኮሳሉ። ቻላቸው የእንግሊዝኛውን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየታገለ አነበበና ጠራኝ።

"አብዱ፣ ይሄኮ እንደ ቼዝ ነው። ልዩነቱ፣ ልብስ ይፈልጋል።"

"ልብስ ከሆነ ወዲህ በለው" አልኩት።

አባቴ ሐጂ አሊ የስፌት ማኪናቸውን አቁመው አንዱን አንስተው አዩት። አገላብጠው አገላብጠው መለሱልኝ።

"ልብሱን ሥራ፤ ሙያህ ነው። ፊት ግን አትሥራ። ዓይን ማበጀት የእኛ ድርሻ አይደለም።"

"እሺ አባባ" አልኩ። ሌላ ሙስሊም ይህን እንዴት እንደሚያየው አላውቅም። በእኛ ቤት ግን ነገሩ እንዲህ ነው፤ ግድግዳችን ላይ እንኳ የሰው ፎቶ የለም። እሺ ያልኩትም ለአባቴ ስል ብቻ አልነበረም፤ የእኔም ልብ ከእሳቸው ጋር ነው።

ቻላቸው ከበረንዳው ሆኖ ይሰማል። "ሐጂ፣ እንግዲያው ፊቱን ለእኔ ይተዉልኝ! የእኛ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ እስከ ጣሪያው ዓይን ነው!"

አባቴ ሳቁ። ሥራችን ያን ቀን ተከፈለ። ልብሱን እኔ፣ ፊቱን እሱ።

ቀለም ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገዛን። ካኪው የእኔ ጉዳይ ነበር። አዲስ ካኪ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ፀሐይ የጠጣው ትከሻውና ጉልበቱ ላይ ይነጣል፤ ላብ የነካው ብብቱ ሥር ይጠቁራል። እንዲህ ያለውን ነገር ሱሪ ስጠግን የኖርኩበት ስለሆነ አልከበደኝም። የከበደኝ በረሃውን አለማየቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሠርቼ ስሰጠው ቻላቸው አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካና ወደ ጫማቸው ወረደ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ጭቃ።"

"በረሃ ላይ?"

"ብዙ መንገድ የሄደ ሰው አይደለም እንዴ? እግሩ ይጨቀያል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ሐምሌ ላይ ደባርቅ የገቡ መሰሉህ?" እስኪያስለው ሳቀብኝ። ሊያስጠርገኝ ነው ስል ግን "ተዋቸው፣ ዝናብ ያገኛቸው ዕለት ነው እንላለን" አለና እንዳሉ ቀሩ።

እሱም የራሱ ጉድ ነበረበት። እንግሊዙም ጣልያኑም ጠይም ሆኖ ወጣ። ምነው ስለው "የማውቀውን ፊት ነው የምሥለው" አለኝ። እውነቱን ነበር። አንዱ ተኳሽ ልክ እንደ አውቶቡስ ተራው ረዳት አንድ ዓይኑን አጥብቦ ያያል። አንዱ አንዲት ዳቦ ሻጭ ስትቆጣ የምታሳየውን ከንፈር ይዟል። አንድ የጣልያን አሥር አለቃ ደግሞ የአባቴን ቅንድብ ይዟል፤ ይህን ለአባቴ እስካሁን አልነገርኳቸውም።

እሑድ ከሰዓት ሱቁ ሲዘጋ፣ ልብስ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አሸዋማ ቀለም ያለው ጨርቅ ዘርግተን እንጫወት ነበር። ሁሌ የምንጣላው ጣልያን ማን ይሁን በሚለው ነው።

"እኔ ጎንደር ላይ ተቀምጬ ጣልያን አልሆንም" ይላል።

"የተቀመጥክበትን በረንዳ ማን ሠራውና?"

"ቢሠራውስ! ኪራይ የምከፍለው ለእሱ አይደለም!"

ቻላቸው በጨዋታው አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው። ያልተጨረሰ ወታደር ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ቀበቶው ያልተቀባ፣ ዓይኑ ያልገባ ሳጥን ውስጥ ይቆያል። ሰዓት ሲጠግንም እንደዚያው ነበር፤ እየሠራ ቢሆንም ክዳኑ ካልተገጠመ ለደንበኛ አያሳይም።

ባለፈው ክረምት ጉበቱን ታመመ። መጀመሪያ ፊቱ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ በረንዳው ላይ መቀመጥ አቃተው። መስከረም ሲያልቅ ቤቱ ሄጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቱ ኤልሳ ትራሱን አስተካክላ ወጣች።

"ስምንቱ ቀሩ" አለኝ። የመጨረሻዎቹ የእንግሊዝ እግረኞች ናቸው። እኔ ልብሳቸውን ጨርሼ ሰጥቼው ነበር፤ ፊታቸው ግን ገና ነው።

"ሲሻልህ ትጨርሳቸዋለህ።"

"አትዋሽ፣ አያምርብህም። አንተ ጨርሳቸው። አርባዬ ዕለት ሰውአገኝ ይመጣል። ያን ቀን ሁሉንም አውጥታችሁ ተጫወቱ። አንድም ሳጥን ውስጥ እንዳይቀር።"

"ፊታቸውንስ?"

ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

"እሱንም አንተ" አለ።

"እሺ" አልኩት። እንደዚያ ለደከመ ሰው ሌላ ምን ይባላል? እጄን ያዘኝና ስለ ሌላ ነገር አወራን፤ ስለ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ ባለቤቱ ሳይወስደው ስለ ቀረ።

ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ቀበርነው።

ከሠልስቱ በኋላ ኤልሳ ሳጥኑን በነጠላዋ ጠቅልላ ሱቅ ድረስ አመጣችልኝ። ወታደሮቹ፣ ቀጫጭኖቹ ብሩሾች፣ ወረንጦውና አጉሊ መነጽሩ ውስጡ ናቸው። "አደራ ብሏል" አለችና ሳትቀመጥ ሄደች።

በነጋታው በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ ደህና በሆነበት ሰዓት ተቀመጥኩ። መነጽሩን ዓይኔ ላይ ሰካሁ። የመጀመሪያው ወታደር ፊት ድንገት ቀረብ አለኝ፤ ፕላስቲኩ አፍንጫና አገጭ ከፋብሪካው ይዞ መጥቷል፤ የጎደለው ቀለሙ ነው። ብሩሹን ነከርኩ። እጄ አልሄድም አለ። ብሩሹን አጥቤ አስቀመጥኩት። በሌላ ቀንም እንደዚሁ ሆነ።

አባቴ ሲያዩኝ ከርመው በመጨረሻ ጠየቁኝ። ለቻላቸው ያልኩትን ነገርኳቸው።

"ሌላ ሰው አይሠራውም? ከእነሱ መካከል ሥዕል የሚያውቅ ሞልቶ የለም?"

"እኔን ነው ያለኝ፣ አባባ።"

"እንግዲህ" አሉና ክራቸውን በመርፌው አሾለኩ። ቆይተው "እኔ ያልኩህን አላነሳም። የሟች አደራ ቀላል ነውም አልልህም" አሉ። ማኪናቸውን መልሰው አስነሱ።

ከዚያ በኋላ ቀኑ ሮጠብኝ። አንድ ቀን ስምንቱን ሳጥን ውስጥ ትቼ ያለ እነሱ እንጫወት ብዬ አሰብኩ። "አንድም እንዳይቀር" ያለው ድምፁ መጣብኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ዓይኑን በሁለት ነጥብ ጠቅ ጠቅ ላድርገውና ይለቅልኝ አልኩ። ነጥብ ቢሆንም ግን ዓይን ነው፤ ለምን እንደማደርገው አውቃለሁ። ደግሞ እንደነገሩ የተሠራ ፊት ከቻላቸው ፊቶች ጋር ሲቆም ታየኝ።

ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ራሱንና ፊቱን በፎጣ የጠቀለለ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ሱቃችን ገባ። ከላይ እስከ ታች አቧራ ነው። ሰሊጥ አጨዳ ሄደው ከሳንጃ የሚመለሱት ሠራተኞች እንዲህ ሆነው ሱሪ ሊያስጠግኑ ስለሚመጡ ቀና ብዬም አላየሁት።

"አያ አሊ፣ እንደምን ዋላችሁ?" አለ።

የአባቴ እግር ከማኪናው መርገጫ ላይ ቆመ። የእኔም መቀስ ቆመ። ድምፁ የቻላቸው ድምፅ ነበር።

"ማነህ አንተ?" አሉ አባቴ።

"ምነው፣ ሰውአገኝ ነኝ እንጂ! ዕቃ አራግፌ ልመለስ ነው። የመኪናው መስኮት ተሰብሮብኝ ከአይከል ወዲህ አቧራውን ስጠጣ መጣሁ።" እጁን ወደ ፎጣው ሰደደ።

"ቆይ! አትፍታው!" አልኩት።

"ምነው?"

"ዝም ብለህ ቁም።"

ሱፍ ልብስ እንደምለካው ሰው ዞርኩት። ፎጣው ከግንባሩ ተነሥቶ ጆሮውን ይሸፍናል፤ አፍንጫው ላይ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ አገጩ ሥር ይታጠፋል፤ ጫፉ በአንገቱ ዞሮ ትከሻው ላይ ይወድቃል። መነጽሩ ከላይ። ከፊቱ አንድ ጣት የምታህል ቦታ እንኳ አትታይም።

"ልትገንዘኝ ነው ወይስ ልታለብሰኝ?" አለ ሰውአገኝ ከውስጥ። "ቶሎ በል፣ ታፈንኩ።"

"አሁን ፍታው።"

ሲፈታው ፊቱ የራሱ ነበር፤ ሰፊ፣ ጺሙ ያደገ። ያ ድምፅ ከዚያ ፊት እንደሚወጣ ለመልመድ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። ምን እንደሆንኩ አልነገርኩትም። ውኃ ሰጠሁት፤ ታጠበ፤ ለአርባው እንደሚመጣ ነግሮን ሄደ።

በረሃ ላይ አቧራ ሲነሣ ወታደር ፊቱን እንደሚሸፍን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገኝም። መጀመሪያ በስስ ገበር ሞከርኩ። ጨርቁ ለእነሱ ወፍራም ነው፤ ጆሮ ደግፍ የያዛቸው መሰሉ። ፍቄ አወለቅሁት። ቀጥሎ ሶፍት ወስጄ አንዱን ስስ ድርብ ከሌላው ለየሁ፤ እንደ ጥብጣብ ቆረጥሁት፤ በውኃ በቀጠነ ኮላ ነክሬ በቻላቸው ወረንጦ ጠቀለልኩላቸው። አፍንጫው ላይ ሁለት ጊዜ፣ አገጭ ሥር፣ በአንገት ዞሮ ወደ ትከሻ። ሲደርቅ እጥፋቱ እውነተኛ እጥፋት ሆነ። ለአንዱ ነጣ ያለ፣ ለአንዱ አመድማ፣ ለአንዱ ቀይ መስመር ያለው ቀባሁ፤ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ፎጣ አይገዛምና። በዓይናቸው ቦታ ሶፍቱን ጠቅልዬ ሁለት ጉብታ አወጣሁና የአቧራ መነጽር እንዲመስል ጥቁር ቀባሁት።

ሲያልቅ ለአባቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ረጅም ጊዜ አዩ።

"ይሄ ስፌት ነው" አሉ። "ምንም አልልም።"

አባቴ ምንም አለማለታቸው የጭንቀቴን ግማሽ አቀለለው። ሌላው ግማሽ ቻላቸው ያለኝ ነው። ፊት ሥራ ነው ያለኝ፤ እኔ ፊት ሸፈንኩ።

የአርባው ዕለት ጠዋት እነሱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እኔና አባቴ ቤታቸው ሄድን። እንደ ወጉ ለእኛ ለሙስሊሞቹ ለብቻ የተሠራ ምሳ ነበር። ሰው ሲበተን አባቴ ዱዓ አድርገው ወደ ሱቅ ተመለሱ፤ እኔ፣ ሰውአገኝና ኤልሳ ቀረን። ጠረጴዛውን መሐል አደረግን፤ አሸዋማውን ጨርቅ ዘረጋሁ። የቀድሞዎቹን በየቦታቸው አቆምን። ኤልሳ ጥቁር ልብሷን ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ታያለች። ስምንቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳላቆም መዳፏ ላይ ሰጠኋት።

አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ፊታቸውስ?"

"ከሥር ነው።"

"ሠርተኸዋል?"

"አልሠራሁትም፣ ኤልሳ። እሺ ብዬው ነበር፤ አልቻልኩም። የምችለውን ሠራሁ።"

ሰውአገኝ አንዱን ከመዳፏ አንስቶ ወደ ብርሃን አቀረበው። የራሱን ፎጣ ሲያውቀው ታየኝ፤ ሊቀልድ ከንፈሩን አነሣና ተወው። ኤልሳ የቀሩትን መዳፏ ላይ አገላበጠች። ከግቢው የሳህን አጠባ ድምፅ ይሰማ ነበር። "አልጨረስክም" ብትለኝ ሳጥን ውስጥ ልመልሳቸው ቆርጬ ነበር፤ ከእሷ በላይ የእሱን ሕግ የሚያውቅ የለም።

"እሱ ቢሆን ሁለት ቀን ያኮርፍህ ነበር" አለች።

"ሁለት ቀን? ሳምንት ነው እንጂ!" አለ ሰውአገኝ።

"ሳምንት" አለች። አንዱን ወታደር በጣቷ ዳሰሰች፤ እጥፋቱ ላይ ጣቷ ቆመ። "እጁ ግን ያንተ ነው፤ የእሱ አይመስልም። የእሱን አስመስለህ አልዋሸኸውም።" ከዚያ ተነሣች። "ተጨርሰዋል። የት ነው የሚቆሙት?"

የጠረጴዛውን ጠርዝ አሳየኋት። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ነክታቸው አታውቅም። እያንዳንዱን በሁለት ጣቷ ይዛ አቆመች፤ ከጠላት ይልቅ ወደ እኛ አዙራ። ላስተካክል እጄን ስዘረጋ ሰውአገኝ ክንዴን ያዘኝ።

"ተዋት፣ ሸጋ ነው" አለኝ። "ዞረው ይሄዳሉ።"

ሜትሩን ዘረጋሁ፤ አንድ ስንዝር ያህል አራመድኳቸው። ጣልያኖቹን የያዘው ሰውአገኝ ዳይሱን በሁለት እጁ አንቀጥቅጦ ወረወረ። ከስምንቱ ሁለቱ በመጀመሪያው ተኩስ ወደቁ።

"ኧረ! ገና አሁን ወጥተው?" አለች ኤልሳ፣ ሁለቱን በቀስታ በጎናቸው እያስተኛች። ሰውአገኝን በቁጣ አየችው። ቀጥላ ወንበሯን ከበሩ አንስታ ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችና "ለእነዚህ የምወረውረው እኔ ነኝ፤ ዳይሱን አምጣ" አለችው።