የታዘበው ለቅሶ

እህቴ ይርጋነሽ ውሻዋ ሲሞት አንዲት ጠብታ እንባ አላፈሰሰችም። ይህን ስናገር፣ ታዲያ ለውሻ ይለቀሳል እንዴ የሚሉኝ አሉ። እነሱን ተዋቸው፣ ታዘበውን አያውቁትም። እኔ ሀብትነሽ ሞጣ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ጠላ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ስንቱ ሰው ቤቴ ገብቶ ወጥቷል፣ ግማሹ ያን ውሻ አያህልም። የሚቀየም ይቀየም።

ታዘበው ያደገው ቢቸና፣ እህቴ ቤት ነው። ልጇ አካለ ወልድ ገና ተማሪ ሳለ አምበር ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ሲመለስ ኮቱ ውስጥ ወሽቆ አመጣው። ስሙን ያወጡለት አባትየው መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸውና እንኳን ለውሻ ለዶሮ ስም ቢያወጡ ነገር ሳያስገቡበት አይቀሩም። ያን ሰሞን ከጎረቤታቸው ጋር በአጥር ተጣልተው ነበር። "ና ታዘበው!" እያሉ ውሻውን ሲጠሩ ጎረቤትየው ይሰማል፤ የሠራኸውን እግዜር ታዘበው ማለታቸው ነው። ጸቡ በሽማግሌ በረደ፣ ስሙ ግን ውሻው ላይ ቀረ። ታዘበው የሰው ስም መሆኑንማ ማን አጣው፤ በእኛ አገር በየሰፈሩ አንድ ታዘበው አይጠፋም። ነገሩ ሁሉ የመጣውም ከዚያ ነው።

መሪጌታ ስም አወጡለት እንጂ አይነኩትም ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፣ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ያልፉታል። እሱም ወጉን ያውቃል። ማለዳ ከኋላ ከኋላቸው ሄዶ የቅጥሩ በር ሲደርስ ይቆማል፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ እዚያው ተኝቶ ይጠብቅና እንደገና ከኋላ ከኋላቸው ይመለሳል።

አካለ ወልድ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደ ዕለት ግን ውሻው ወጉንም ረሳው። ልጆቹን አይፋ የጭነት መኪና ላይ ሲጭኗቸው በሰው እግር መሐል እየተሹለከለከ መኪናው ሥር ገባ። መኪናው ሲነሳ እስከ ከተማው ዳር ተከትሎ ሮጠ፤ ሲመሽ ምላሱን አውጥቶ ብቻውን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የአውቶቡስ ጥሩምባ በተሰማ ቁጥር መቆሚያው ድረስ ይሄዳል። በሩ ሥር ቆሞ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ያያል፣ የመጨረሻው ሰው ሲወርድ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እህቴ ደጇ ላይ ሆና ትጠብቀዋለች። እያዘገመ ከመጣ ልጇ የለም ማለት ነው፤ አካለ ወልድ ቢመጣ እየበረረ ነበር የሚመጣ ትላለች። እሷ ራሷ መቆሚያው ሄዳ አታውቅም። ከሚወርደው ሰው መሐል ልጄን ፈልጌ ማጣት አልችልም ብላኛለች አንድ ቀን። ልጁ ሰሜን ከገባ ወሬው ጠፍቶ ነበር። መጠበቁን ውሻው ይዞላት ኖረ።

በክረምቱ ማብቂያ ታዘበው አርጅቶ ታመመ። አንድ ቀን ጥሩምባው ሲሰማ ሊነሳ ሞከረ፣ እግሩ እምቢ አለው። ጆሮውን ብቻ አቆመ። እንደዚያው እንደሆነ በሩ ላይ ሞተ። ወሬውን ያመጣልኝ በዚያ መንገድ አውቶቡስ የሚነዳው ውበቴ ነው። እህትሽ ታዘበው ሞተ በላት ብላለች ብሎ ነግሮኝ ጠላውን ጠጥቶ ሄደ። ማን እንደሆነ አልጠየቀም፣ እኔም አልነገርኩት።

በማግሥቱ ቢቸና ወረድኩ። እህቴ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ደረቅ ነው። እህል ከቀመሰች ሰንብታለች። የሚበላበት ገበቴ በሩ ሥር እንዳለ ነው፣ ማንም አላነሳውም። ውሻውን ማን እንደቀበረው ስጠይቅ መሪጌታ ናቸው አለችኝ። እኚያ ልብሳቸውን ሰብስበው የሚያልፉት ሰውዬ፣ ጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ራሳቸው ቆፍረው ራሳቸው ተሸክመው ቀበሩት። ሰው አይቷቸው ለምንድን ነው ጉድጓዱ ቢላቸው ጌሾ ልተክል ነው አሉ።

"አልቅሺ እንጂ እታለም፣ ይውጣልሽ" አልኳት።

እጇን ሰንዝራ አፌን ያዘችው።

"ከዚህ ቤት የለቅሶ ድምፅ ከወጣ ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። አካለ ወልድ ሞተ ይላሉ። ልጄ በሕይወት እያለ በገዛ አፌ ላሟርትበት?"

እውነቷን ነው። ያን ጊዜ ልጁ ግንባር ያለ ሰው ሽንኩርት ሲልጥ እንኳ በሩን ዘግቶ ነው። ሌሊት ትራስሽን ነክሰሽ አልቅሺ ብላት መሪጌታ ይሰማሉ አለች፤ ለካ እሳቸውም የሚፈሩት እሷ እንዳትሰማ ነው። ባልና ሚስት አንድ ጣራ ሥር እንባቸውን ውጠው ይተያያሉ። እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነገር አልወድም። ሰው የሚያለቅሰውን ያልቅስ፣ የሚስቀውን ይሳቅ። ተናድጄ ተሰናበትኳቸው፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ሞጣ ከተመለስኩ ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤቴ አያ ታዘበው አረፉ። ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌ ናቸው፣ በጋብቻም ይነካኩናል። ሲነግሩኝ መጀመሪያ ነፍስ ይማር አልኩ። ቀጥሎ ስማቸው ጆሮዬ ውስጥ ገባ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ! ሮጬ ውበቴን ያዝኩትና ለእህቴ ታዘበው ሞቷል፣ ለቅሶ ነይ በልልኝ አልኩት። ውበቴ መሪውን ይዞ ትክ ብሎ አየኝ። ባለፈው ከቢቸና ወደ ሞጣ ታዘበው ሞተ ብሎ ያደረሰ እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ከሞጣ ወደ ቢቸና ሊያደርስ ነው። ሰውየው ስንቴ ነው የሚሞተው አለኝ። አንተ መንገድህን እይ አልኩት።

እህቴ መልእክቱ ሲደርሳት ግራ ተጋባች። ታዘበው እንደሆነ ሞቶ ተቀብሯል። መሪጌታን ጠየቀቻቸው። መሪጌታ ጺማቸውን እያሻሹ ሲያስቡ የሞጣው ጎረቤቴ ሽማግሌ ትዝ አሏቸው፤ ነገሩም ገባቸው። ዕድሜ ልካቸውን ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ የሆነ ነገር ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ሂጂ" አሏት፤ "ሰሙን ለሰውየው ስጪ፣ ወርቁን ለእኛው ታዘበው።"

ሞጣ ስትደርስ ተቀብያት ወደ ለቅሶው ይዣት ሄድኩ። መንገድ ላይ መከርኳት። ስሙን ጥሪ፣ የፈለግሽውን ያህል አልቅሺ፣ የሚጠይቅሽ የለም አልኳት። ድንኳኑ ሙሉ ነው፣ ለቅሶው ግን ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሽማግሌ ሲሞት እንዲያ ነው፤ ወንዶቹ ስለ ጤፉ ያወራሉ፣ ሴቶቹ ለወጉ ያህል እህ ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ፈንታነሽ መሐል ላይ ተቀምጠዋል። እህቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ኧረ ይህች ሴት እዚህም ልታፍነው ነው አልኩ በልቤ። በኋላ ከወዲያ በኩል አንዲት ዘመድ "ታዘበው! ወንድሜ ታዘበው!" ብላ ስትጣራ እህቴ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

"በር ላይ የሚተኛው ጆሮውን አቁሞ፣
ኮቴ የሚለየው ከሁላችን ቀድሞ!"

ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አያት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። አያ ታዘበው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ድፍን ደንቆሮ ነበሩ። መብረቅ ደጃቸው ላይ ቢወድቅ አይሰሙም። በር ላይ መተኛታቸው እውነት ነው፣ ከጠላ ቤቴ ሲመለሱ አንዳንድ ቀን እዚያው ይጋደማሉ። ይህን ለእህቴ አልነገርኳትም፤ ማን ያስበዋል? አጠገቤ የተቀመጠችው ባንቺዓለም በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ የምን ኮቴ ነው የሚለዩ አለችኝ። በልጅነታቸው ነው አልኳት።

እህቴ ግን ማንንም አታይም። ደረቷን እየመታች ቀጠለች።

"ልጄን ሸኝቶልኝ እስከ መኪናው ድረስ፣
አሁን ማን ያበስረኝ የሄደው ሲመለስ!"

ይህን ስትል ነገር ዓለሙ ተገለባበጠ። ያን ጊዜ ልጅ ያልሄደበት ቤት የታለ? አያ ታዘበው የማንን ልጅ ሸኙ፣ መቼ ሸኙ ብሎ የጠየቀ የለም። ባንቺዓለም ራሷ የወንድሟን ስም እየጠራች ተነሳች። ሴቱ ሁሉ አለቀሰ፣ ስለ ጤፍ የሚያወሩት ወንዶች ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እህቴ እየወደቀች እየተነሳች ታለቅሳለች። ታዘበውዬ፣ ሳትበላ የምትጠብቀኝ፣ ዝናቡ የማይመልስህ፣ ክፉ ወሬ ይዘህልኝ መጥተህ የማታውቅ ትላለች። እኔም አለቀስኩ። ቢቸና ስሄድ ከመቆሚያው እስከ ቤት እየመራ የሚወስደኝ፣ ባዶ እጄን የመጣሁ ቀን እንኳ ጅራቱን የሚወዘውዝልኝ ታዘበው ትዝ ብሎኝ ተንሰቀሰቅሁ። ለሽማግሌው እንደዚያ ያለ ለቅሶ ይለቀሳል ብሎ ሞጣ ውስጥ ያሰበ ሰው አልነበረም።

አመሻሹ ላይ ሰው ሲበተን እትዬ ፈንታነሽ ወደ ጓዳ አስጠሩን። ጉዳችን ፈላ አልኩ። ሴትዮዋ ኮስታራ ናቸው። እህቴን ከአጠገባቸው አስቀምጠው ቁልቁል አዩዋት።

"ባሌ ጆሮ አልነበረውም" አሏት።

እህቴ ደነገጠች፣ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ድሮ ወጣት ሳሉ ምናምን ብዬ ልቀባጥር ስል እትዬ ፈንታነሽ አንቺ አርፈሽ ጠላሽን ሽጪ አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እህቴን ጠየቋት።

"የማንን ኮቴ ነበር የሚለየው?"

"የልጄን" አለች እህቴ።

"ልጅሽ አለ?"

"አለ። ሰሜን ነው።"

"ይኑርልሽ" አሉና ጠጋ አሏት። "መልኩ ምን ዓይነት ነበር? የውሻው።"

እህቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ መናገር ጀመረች። ቡላ ነው፣ ደረቱ ላይ ነጭ አለው፣ አንደኛው ጆሮው በልጅነቱ ተነክሶ ጫፉ ጎደሎ ነው አለች። ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ስለ እሱ ለሰው ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። እያወራች ሳቀችም። እትዬ ፈንታነሽ እስክትጨርስ ጆሯቸውን ሰጥተው ሰሟት። ከዚያ ከሞሰቡ እንጀራ ቆርሰው በእጇ አስያዟትና እስከ ሳልስት እዚሁ ቆዪ አሏት።

"ለባሌ አንቺ ያለቀስሽለትን ያህል ማንም አላለቀሰለትም። የኔ ያንቺ ሳንባባል አብረን እናውጣው።"

እህቴ እንጀራውን በላች። እኔ ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆሜ አፍንጫዬን ጠረግሁ።

ሳልስቱ ወጥቶ ከውበቴ ጋር ቢቸና ወረድን፤ ብቻዋን እንድትገባ አልፈለግሁም። ከተማው ዳር ስንደርስ ውበቴ ጥሩምባውን ነፋ፣ እህቴ ክንዴን ጨበጠችው። ያ ጥሩምባ ሲነፋ ተነስቶ የሚመጣ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። አውቶቡሱ ቆመ። በመስኮት ስናይ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ በሩ ሥር ቆመዋል። እኛን ሊቀበሉ መስሎን ነበር። ውበቴ ግን ዞር ብሎ ለእኔ ሹክ አለኝ፤ እህትሽ ከሄደች ጀምሮ በየቀኑ እዚህ እየመጡ ይቆማሉ፣ ማንን እንደሚጠብቁ አይናገሩም አለ።

ወረድን። ሰላም አሉን፣ ዓይናቸው ግን ከኋላችን በሩ ላይ ነው። አንዲት ሴት ዶሮ ይዛ ወረደች። አንድ መምህር ወረደ። ሁለት ነጋዴዎች ወረዱ። መሪጌታ የሁሉንም ፊት አዩ። እህቴም አጠገባቸው ሆና አብራ አየች፤ እዚያ ቦታ ቆማ ሰው ሲወርድ ስታይ የዚያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነው። አውቶቡሱ ባዶ ሆነ።

"ዛሬ የለም" አሉ መሪጌታ።

እህቴ የጋቢያቸውን ጫፍ ከጭቃው ላይ አንስታ ትከሻቸው ላይ አደረገችላቸው።

"ጆሮዎን አቁመዋል" አለቻቸው።

የመሪጌታ እንባ በጺማቸው ላይ ወረደ፤ አደባባይ ላይ፣ ሰው እያየ። እህቴ እጃቸውን ይዛ፣ እያዘገሙ ወደ ቤት ሄዱ። እኔ ከኋላ ከኋላቸው ተከተልኩ።