ከዚያ በፊትስ?

ኩብራ ሙሜ ጭሮ ገበያ ውስጥ ጫት መሸጥ ከጀመረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ የተዳረችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ባሏ ከሞተ፣ አንድ ልጇ ፈርዶሳም ትዳር ከያዘች በኋላ፣ ማንንም ሳታማክር ሄዳ የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ተመዘገበች። ሰዎች "በዚህ ዕድሜሽ ለምንሽ ነው?" ሲሏት "ለራሴ ነው" ትላለች፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አትሰጥም። አምሳ አንድ ዓመት ሲሞላት አሥራ አንደኛ ክፍል ደረሰች። የክፍሉ ተማሪዎች አብዛኞቹ ልጇን የሚያክሉ ስለሆኑ፣ እናታቸውን እንደሚጠሩት "አዴ ኩብራ" ይሏታል።

ነገሩ የተጀመረው ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የፊዚክስ መምህሩ ዳግማዊ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ተወልዶ ያደገውም እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ጠመኔውን አንስቶ ሰሌዳው መሃል አንዲት ነጥብ አስቀመጠ።

"ዩኒቨርስ በሙሉ፣" አለ፣ "ከዋክብቱም፣ መሬትም፣ እኛም፣ ከአሥራ ሦስት ነጥብ ስምንት ቢሊዮን ዓመት በፊት እጅግ የታመቀና እጅግ የጋለ ነበር። ከዚያ መስፋት ጀመረ። ታላቁ ፍንዳታ የምንለው ይህንን ነው።"

ኩብራ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ዘመኑን እንዴት አወቁት? ማን ቆሞ አየ?"

ክፍሉ ሳቀ። ዳግማዊ ግን ጥያቄውን ወደደው። "ማንም አላየም አዴ ኩብራ። ግን የዚያን ጊዜው ብርሃን ጨርሶ አልጠፋም፤ ዛሬም ሰማዩን ሞልቶታል። ያኔ የጋለ የነበረው፣ ቦታው እየሰፋ ሲመጣ እየቀዘቀዘ ሄደ። ዛሬ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ፣ ጋላክሲዎቹም በምን ፍጥነት እንደሚራራቁ ተለክቷል። ሳይንቲስቶቹ ከዚያ ተነስተው ወደ ኋላ ያሰላሉ።"

ኩብራ ደስ አላት። ነገሩ ገባት፤ እንዲያውም ዕድሜ ልኳን ስትሠራው የኖረች ያህል ነው የገባት።

"ከዚያ በፊትስ?" አለች።

"ከምኑ በፊት?"

"መስፋት ከመጀመሩ በፊት።"

"ምንም አልነበረም።"

"ይህንንም ለክተውት ነው?"

አሁን የሳቀ የለም። ዳግማዊ ሰዓቱን አየት አደረገ። "ለፈተና 'ምንም አልነበረም' ብላችሁ ያዙ" አለና ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረ። ሌሎቹ ጻፉ። ኩብራ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ፈተናው ሰኔ ውስጥ መጣ። ሰባተኛዋ ጥያቄ እንዲህ ትላለች፦ "ከታላቁ ፍንዳታ በፊት ምንም ነገር አልነበረም። እውነት ወይስ ሐሰት?" ኩብራ ሦስት ጊዜ አነበበቻት። የሚፈለገውን መልስ ታውቃለች። እውነት ብላ እንዳትጽፍ፣ እውነት መሆኑን ማንም አላሳያትም። ሐሰት ብላ እንዳትጽፍ፣ ሐሰት መሆኑንም አታውቅም። በመጨረሻ ክፍት ቦታዋ ላይ "አልታወቀም" ብላ ጻፈችና ወደ ስምንተኛው አለፈች።

ውጤቱ ሲለጠፍ ፊዚክስ አርባ ዘጠኝ አመጣች። ማለፊያው አምሳ ነው።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ መስዑድ ቢሮው አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ነው። ወንበር ሰጣትና የፈተና ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት።

"አዴ ኩብራ፣ እርስዎን የመሰለ ተማሪ በአንዲት ማርክ ሲወድቅ ማየት አልፈልግም። እዚህች ጋ ይሰርዙና 'እውነት' ብለው ይጻፉ። ሲጣደፉ ተሳስተው ነው እንላለን። አለቀ።"

"አልተጣደፍኩም።"

"አውቃለሁ። እንላለን ነው ያልኩት።"

"መስዑድ፣" አለች ኩብራ፣ "እናትህን አውቃታለሁ፤ ስለዚህ በግልጽ ልንገርህ። ያላወቅኩትን አወቅኩ ብዬ አልጽፍም። አንተ ታውቃለህ? ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ?"

"እኔ የታሪክ መምህር ነበርኩ።"

"እሱማ ጥሩ ነው። ታሪክ ላይ ያልታወቀውን ምን ብለህ ታስተምር ነበር?"

መስዑድ ሳቁ መጣበት፤ ግን ዋጠው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሌላም ነገር አለ" አለ። "ከተማው ውስጥ ወሬ ይወራል። 'ኩብራ ከአላህ በፊት ምን ነበር ብላ ጠየቀች' እየተባለ ነው። ነገሩ ሳይሰፋ እዚሁ ቢያልቅ ለእርስዎም ይሻላል።"

ኩብራ ከወንበሯ ተነሳች። "ወላሂ እንዲህ አላልኩም። ወረቀቱን መልሰህ አስቀምጠው። ነሐሴ ላይ ድጋሚ እፈተናለሁ።"

ወሬው ገበያ ቀድሟት ደርሷል። ሃያ ዓመት አጠገቧ ጫት የነገደችው ሀኒፋ፣ ምንጣፏን አንድ እርምጃ ያህል ወዲያ አሽሽታ ጠበቀቻት። አላየችም መስላ ጫቷ ላይ ውኃ ትረጫለች። ፈርዶሳም ሕፃኗን አዝላ መጥታ እናቷን ትጠብቅ ነበር።

"እማ፣ በአላህ ይሁንብሽ" አለች ፈርዶሳ በሹክሹክታ፤ "አንዲት ቃል ናት። ጻፊላቸውና እንረፍ። የባሌ ቤተሰቦች እንኳ እየጠየቁኝ ነው።"

"ምን ብለው?"

"እናትሽ ትምህርቱ አዞራት ወይ ብለው።"

ኩብራ ምንጣፏ ላይ አልተቀመጠችም። ቆማ፣ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ያሉት ሴቶች ሁሉ እንዲሰሙ አድርጋ ተናገረች። "ስሙ! ማል ጄቱ? ምንድነው የምትሉት? ዓለሙን አላህ ፈጠረው ብዬ አምናለሁ፤ ሶላቴንም አላጓደልኩም። የጠየቅኩት አላህን አይደለም፤ መጽሐፍ ይዞ የቆመውን ሰው ነው። አላህ ሥራውን እንዴት ጀመረው ብሎ ማሰብን ማነው የከለከለኝ? ሀኒፋ፣ አንቺ ነሽ?"

ሀኒፋ አንገቷን ደፋች።

"ካልሆንሽ ምንጣፍሽን መልሺ። ፀሐዩ እዚያ ይመታሻል።"

አንድ ሁለት ሴቶች ሳቁ። ሀኒፋ ወዲያው አልመለሰችም፤ ምንጣፏን ወደ ቦታው ጎተት ያደረገችው ትንሽ ቆይታ፣ ፀሐዩ እውነትም ሲያገኛት ነው። ፈርዶሳ ግን አለቀሰች። ኩብራ ሕፃኑን ከእናቱ ጀርባ ተቀብላ አቀፈችው፤ የልጇ እንባ ከወሬው ሁሉ በላይ አሟታል። ቢሆንም "እሺ እጽፋለሁ" የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም።

በሳምንቱ፣ ገበያው በሞቀበት በእኩለ ቀን፣ ዳግማዊ መጣ። ጫት ለመግዛት አልነበረም። ላቡን በመሃረብ እየጠረገ ፊቷ ቆመ።

"አዴ ኩብራ፣ ሰላም ነው? ትንሽ ላነጋግርዎት ነበር።"

"ተቀመጥ ልጄ።" ባዶ ሳጥን ገፋችለት። ከዚያ ሳይናገር ቀድማው ሦስት እስር ጫት ከላስቲኩ ውስጥ አውጥታ ደረደረች። "ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልፈትንህ። እነዚህ መቼ መቼ ተቆረጡ?"

ዳግማዊ አገላብጦ አያቸው። "ሦስቱም አንድ ናቸው።"

"ላኪ፣ የለም፣ አንድ አይደሉም። ይኼኛው ዛሬ ንጋት ላይ ነው የተቆረጠው፤ ጫፉን ተመልከት፣ ገና አልጠቆረም። ይኼ ትናንት ከሰዓት፣ ከቦኬ ወረዳ የመጣ ነው፤ ስትሰብረው ድምፅ አይሰጥም። ይኼ ደግሞ ትናንት ጠዋት ነው፤ ዛሬ ማታ ፍየል ነው የሚበላው። ሲቆረጡ ቆሜ አላየሁም። ቅጠሉ የጠወለገበትን ልክ አይቼ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። ያንተ ሳይንቲስቶችም በብርሃኑ እንዲሁ አደረጉ ስትለን፣ ወላሂ፣ አጨበጭብ ነበር።"

"ታዲያ ተስማምተናል።"

"እስከ መቆረጡ ድረስ ተስማምተናል። አሁን ዛፉን ማን ተከለው? ከመተከሉ በፊት እዚያ ቦታ ምን ነበር? ማሽላ? ድንጋይ?"

ዳግማዊ እስሩን መልሶ ከሌሎቹ ጎን አስቀመጠ። "ቅጠሉ ይህን አይናገርም" አለ።

"ስለዚህ ምንም አልነበረም ልበል?"

"አይ። አይባልም።"

ሀኒፋ ጆሮዋን ጥላ ትሰማ ነበር። ዳግማዊ ሳጥኑ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና፣ ክፍል ውስጥ ያልተናገረውን ሁሉ ተናገረ። አንዳንዶች ጊዜ ራሱ የጀመረው ያኔ ስለሆነ "በፊት" የሚባል ነገር የለም ይላሉ። አንዳንዶች ቀድሞ ሌላ ዓለም ነበረ፤ ተጨማድዶ ተጨማድዶ መልሶ ሰፋ ይላሉ። የእኛ ዓለም ከብዙ ዓለማት አንዱ ነው የሚሉም አሉ። ሁሉም ሒሳብ አላቸው፤ ማረጋገጫ ያገኘ ግን የለም።

ኩብራ ዓይኖቿ ፈጠው ሰማችው። "ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን 'ምንም' አልከን?"

"ፈራሁ" አለ ዳግማዊ። "አምሳ ተማሪ ፊት ቆሜ 'አላውቅም' ማለት ከበደኝ። መምህር አላውቅም ሲል መምህር አይመስልም ብዬ።"

"እኔኮ ያንን ቀን ብትለው ነበር የማከብርህ።"

ዳግማዊ በማግስቱ መስዑድ ቢሮ ሄዶ ጥያቄዋ ለሁሉም ተማሪ እንድትሰረዝ ጠየቀ። መስዑድ ውጤቱ ለበላይ ተልኳል፣ አሁን ከተነካካ ሁሉም ወላጅ ሊጮህ ነው ብሎ እምቢ አለ። ዳግማዊ ይህን ሊነግራት ሲመጣ ኩብራ አልተከፋችም። "እንኳን እምቢ አለ" አለችው። "የአንዲት ማርክ ምሕረት አልፈልግም። መጽሐፉን አምጣና የማላውቀውን ሁሉ አስጠናኝ።"

ክረምቱን ሙሉ አጠናች። ዝናቡ ገበያውን ሲበትነው ሸራው ሥር ተቀምጣ ስለ ኃይልና ስለ ፍጥነት ትሠራለች፤ ሀኒፋ ደብተሩን ይዛ ቀመሮቹን ታስጠናታለች፤ ማንበብ ስለማትችል፣ ፊደሉንም እግረ መንገዷን ከኩብራ እየተማረች። ፈርዶሳ በመጀመሪያ ጥቂት ቀን አኩርፋ ነበር፤ ኋላ ግን ለእናቷ ካልኩሌተር ገዝታ ላከች።

ነሐሴ ላይ ድጋሚ ፈተናው መጣ። ጥያቄዋ ትሰረዝ ብሎ ስለነበር ዳግማዊ እንዲያወጣው አልተፈቀደለትም፤ መስዑድ በሰኔው ወረቀት የስሌት ጥያቄዎቹን አሃዞች ብቻ አስቀይሮ አባዝቶታል። ሰባተኛዋ ጥያቄ እዚያው ቦታዋ ላይ ናት። ኩብራ ስታያት ፈገግ አለች። ክፍት ቦታዋ ላይ፣ ከሰኔው ተለቅ ባለ ፊደል፣ "አልታወቀም" ብላ ጻፈች፤ ሥሩንም በመስመር አሰመረችበት።

ውጤቷን ልትወስድ ስትሄድ መስዑድ ካርዱን ራሱ አመጣላት። ሰባ ስምንት።

"ማሻ አላህ፣" አለ፣ ከልቡ ነው። "ያቺን ጥያቄ ግን አሁንም አልመለሷትም።"

"መልሻታለሁ" አለች ኩብራ። "ያላረማችኋት እናንተ ናችሁ።"

እሷ ካርዷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መመዝገቢያው መስኮት የት በኩል እንደሆነ ጠየቀችው። ወደ ግቢው ጀርባ አሳያት። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሻርፗን አስተካክላ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆመች።