የቦሳ ኪቶ ተጠያቂ

ኦቦ ቲጃኒ ዕድሜያቸውን የፈጁት ሰውና መኪና ሲያሰማሩ ነው። ከጅማና ከዙሪያዋ ከተሞች ቡና ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚያቀኑት መኪናዎች ያለ እርሳቸው ቃል ከግቢ አይወጡም ነበር። ሾፌሮቹም በስማቸው ሳይሆን በሥራቸው «ስምሪት» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። በተለይ የሰኮሩው ቦና፣ ከሾፌሮቹ ሁሉ ቀልደኛው፣ ከሩቅ ሲያያቸው «ስምሪት መጣ፣ ሲጋራ አጥፉ!» ብሎ ይጮኽ እንደነበር ዛሬም በኩራት ይናገራሉ። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ ባዶ መኪና አይመለስም። ቡና አድርሶ የሚመለስ ሁሉ ጨውም ይሁን ቆርቆሮ አንዳች ነገር ጭኖ መመለስ አለበት። ባዶ መኪና ለእርሳቸው ኪሳራ ብቻ አልነበረም፤ ነውር ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ባዷቸውን የቆሙት እርሳቸው ራሳቸው ሆኑ። ባለቤታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። አንዲት ልጃቸው ረይሃና ትዳር ይዛ አዳማ ቀረች። ባለፈው ክረምት ደግሞ ጅማ ቦሳ ኪቶ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ደጃፍ ላይ እርጥብ ድንጋይ አንሸራተታቸውና ዳሌያቸው ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ከዘራ አይንቀሳቀሱም። እርጅና በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ፣ ሰው ገና አንደበትና አእምሮ ሳለው ራሱን እንደ አሮጌ ዕቃ ጓዳ ሲያስቀምጥ ነው። ኦቦ ቲጃኒ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ የሚያስጨንቃቸውም ይኸው ነበር።

ረይሃና ስልክ በደወለች ቁጥር ንግግሯ አንድ ነው።

«አባ ኮ፣ ብቻዎን ወድቀው ቢቀሩስ? አዳማ ይምጡ። ክፍልዎ ተሰናድቷል።»

«እዚያ መጥቼ ምን እሠራለሁ?»

«ያርፋሉ።»

«ያረፈ ሰው የሚገባበትን ቦታ እዚሁ ጅማም አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ለዚህ ብዬ አዳማ አልሄድም።»

«አስታግፊሩላህ! እንዲህ አይበሉ እንጂ!»

ቀልዳቸው የልባቸውን ፍርሃት መሸፈኛ ነበር። ልጅቱ በፍቅር የምትለምነውን ነገር እስከ መቼ እንቢ ይላሉ? በጅማ ለመቅረት ምክንያት ያስፈልጋቸው ነበር፤ ምክንያት ደግሞ አልነበራቸውም።

ምክንያቱ የተገኘው በአዴ ወርቂቱ ግቢ ነው። አዴ ወርቂቱ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። እርሳቸውና ጥቂት የዕድሜ እኩዮቻቸው «የመጠያየቅ ማኅበር» የሚሉት ነገር አቋቁመዋል። በማኅበሩ ገንዘብ አይዋጣም፤ እግር ያለው ሽማግሌ እግር የሌለውን ሽማግሌ እየዞረ ይጠይቃል፣ በቃ። ኦቦ ቲጃኒም በተጠሩበት ስብሰባ አዴ ወርቂቱ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ቆመው አሠራሩን ሲያስረዱ፣ ሄዶ የሚጠይቀው «ጠያቂ»፣ ቤቱ ሆኖ የሚጠየቀው ደግሞ «ተጠያቂ» እንደሚባል ተናግረው ነበር። ኦቦ ቲጃኒ ይህን አልሰሙም። ከከዘራቸው ጋር እየተሟገቱ ዘግይተው ደረሱና፣ እንደ ልማዳቸው ከፊት ወንበር ተቀመጡ።

«ኦቦ ቲጃኒም እንኳን መጡልን» አሉ አዴ ወርቂቱ። «እርስዎ የቦሳ ኪቶ ተጠያቂ እንዲሆኑ ተስማምተናል። ፈቃድዎ ነው?»

የኦቦ ቲጃኒ አማርኛ የመሥሪያ ቤት አማርኛ ነው። በዚያ አማርኛ ተጠያቂ ማለት ነገር ቢበላሽ አንገቱን የሚሰጥ፣ ነገር ቢቃና የሚመሰገን ሰው ነው፤ በአጭሩ ኃላፊው። ልባቸው ሞቀ። በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ቀኝ እጃቸውንም በደረታቸው ላይ አኖሩ።

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህ አደራ ከትከሻዬ በላይ ነው። ሆኖም ተቀብያለሁ። በቦሳ ኪቶ አንድ ሽማግሌ እንኳ ሳይጠየቅ ቢውል፣ በአላህም በሰውም ፊት ተጠያቂው እኔ ነኝ!»

አዴ ወርቂቱ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረና ሁሉም ተከተለው።

ኦቦ ቲጃኒ ቤታቸው እንደገቡ ለልጃቸው ደወሉ። «ረይሃና፣ ሹመት መጥቷል። የሰፈሩ ተጠያቂ ሆኛለሁ። ይህን ሁሉ ሽማግሌ ጥዬ አዳማ መሄድ የማይታሰብ ነው።»

«ማን ሾመዎ?»

«ሕዝብ።»

ረይሃና የአባቷን ጠባይ ታውቃለች። «መልካም» አለች። «ለዒድ እመጣለሁ፤ በዓይኔ አያለሁ። እውነት ከሆነ ዳግም አዳማ ይምጡ አልልዎትም። ካልሆነ ግን ሻንጣዎን ይዘው አብረን እንሄዳለን። ቃልዎን ይስጡኝ።»

«ወላሂ ቃሌ ነው።»

በማግስቱ ሁለት ሰዎች በራቸውን አንኳኩ። አንዱ ለብዙ ዓመታት በጅማ ገበያ ጸጉር ያስተካክሉ የነበሩት አቶ ከፈለ ናቸው፤ ሁለተኛዋ ቅመም ነጋዴዋ ወይዘሮ ፋሪዳ። አቶ ከፈለ የመላጫ ቦርሳቸውን በብብታቸው ሸጉጠዋል፤ ወይዘሮ ፋሪዳ ትኩስ ሾርባና አንድ እጅ ሙዝ ይዘዋል።

«እንዴት አደሩ? ሕመሙ ተሻለዎት?» አሉ ወይዘሮ ፋሪዳ።

«አልሐምዱሊላህ፣ የእኔን ተዉት። ሪፖርት!»

«ምን?»

«ዛሬ ማንን ጠየቃችሁ?»

ሁለቱ ተያዩ። «ዛሬማ... እርስዎን ነው የጠየቅነው» አሉ አቶ ከፈለ።

«እኔን ብቻ? ከዚህስ ወዴት ናችሁ?»

«ወደ ቤታችን ነዋ።»

«ባዶ እጃችሁን?» ኦቦ ቲጃኒ በከዘራቸው ወለሉን መቱ። «ባዶ መኪና አይመለስም! ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እማማ ለጢፋ አሉ። ጉልበታቸው ከያዛቸው ወዲህ ደጅ ወጥተው አያውቁም። ሙዙን እኩል ክፈሉት፤ ሾርባውን እንዳለ ውሰዱት። አቶ ከፈለ፣ ከእርሳቸው ቤት አጠገብ ሙሐዲን የሚባል ሽማግሌ አለ፤ ጺሙ የንብ ቀፎ መስሏል ይላሉ። መላጫውን ይዘው በዚያ ይለፉ።»

ታላቅን መታዘዝ ያደጉበት ነውና ሁለቱም ተነሥተው ሄዱ። ከግቢ ሲወጡ አቶ ከፈለ «ልንጠይቃቸው መጥተን ተጠየቅን እኮ!» ብለው በሳቅ ፈረሱ። ወይዘሮ ፋሪዳ ግን አልሳቁም። ሾርባቸው ለታሰበለት ሰው ባለመድረሱ ተቀይመዋል።

እማማ ለጢፋ ጋ ሲደርሱ ሾርባው ጨው የለውም ተብለው ተሰደቡ። ስድቡን ለኦቦ ቲጃኒ ሲነግሯቸው «መልካም ዜና ነው» አሉ። «የሚሳደብ ሰው ይበላል። ነገ ጨው ጨምራችሁ ሂዱ።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ሥር ሰደደ። ኦቦ ቲጃኒን ሊጠይቅ የሚመጣ ሁሉ ተጨማሪ ጉዞ ተሰጥቶት ይወጣል። ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ፣ የማን ውሻ ተናካሽ እንደሆነ፣ ከዝናብ በኋላ የትኛው መንገድ እንደሚያዳልጥ ሁሉን ያውቃሉ። ቤተኛ የሆኑት ጠያቂዎች ጠዋት ጠዋት በራፋቸው ላይ እየተሰበሰቡ «ታማሚው አለቃችን» እያሉ ይሳለቃሉ፤ ነገር ግን አንድም ቀን አይቀሩም። የተሳሳተውን ሰው ለማረም የሚደፍርም አልተገኘም።

የዒድ ዋዜማ ደረሰ። ረይሃና በማግስቱ ትገባለች። ኦቦ ቲጃኒ ነገር ሁሉ እንከን እንዳይወጣለት ብለው፣ ራሳቸው ወጥተው እማማ ለጢፋን ለማየት ወሰኑ። መንገዱን በከዘራ እየተጎተቱ፣ በየአጥሩ እያረፉ ደረሱ። እማማ ለጢፋ በዕድሜ ይበልጧቸዋል፤ ቁምጣ ሱሪ ለብሰው ሲሯሯጡም ያውቋቸዋል። ስለዚህ አንቱ ብለዋቸው አያውቁም።

«አንተ ቲጃኒ! በዚህ እግርህ ምን ያዞርሃል? ተጠያቂ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ እንጂ። ስለሆንኩ አይደለም የመጣሁት?»

«ተጠያቂማ ቤቱ ይቀመጣል። እኔም ተጠያቂ ነኝ፤ ይኸው ተቀምጬ የለ?»

ኦቦ ቲጃኒን ግር አላቸው። «እርስዎም ተጠያቂ ነዎት? የየትኛው ቀበሌ?»

«የዚህ አልጋ!»

እማማ ለጢፋ ሻሻቸው እስኪወልቅ ድረስ ሳቁ። ኋላም በሳቅ መካከል እንባቸውን እየጠረጉ ነገሩን አፍረጠረጡት፦ ጠያቂ ማለት የሚሄደው ነው፤ ተጠያቂ ማለት የሚታዘንለት፣ ሾርባ የሚመጣለት ነው። ሳቃቸውን ጨርሰው ቀና ሲሉ ግን የእንግዳቸው ፊት አመድ መስሎ አዩት። ኦቦ ቲጃኒ «ደኅና ይዋሉ» ብቻ ብለው ወጡ።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገዱ ረዘመባቸው። እነዚያ ሁሉ ጠዋቶች፣ እነዚያ ሁሉ ትእዛዞች! አቶ ከፈለ ምን ብለው ይሆን? ወይዘሮ ፋሪዳስ? ያዘዙት ሰው ሁሉ ያዘነላቸው ሰው ነበር። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ለልጃቸው የሰጡት ቃል ነው። እርግጥ ዝም ቢሉ ረይሃና አታውቅም፤ ነገ በሩ ላይ የሚሰለፉትን አይታ አምና ትመለሳለች። ይህ ሐሳብ አንድ ጊዜ መጥቶባቸው ነበር። አባረሩት። ሳያውቅ የተሳሳተ ሰው ይቅር ይባላል፤ አውቆ በስህተቱ የሚነግድ ግን አታላይ ነው። ሻንጣቸውን ከአልጋው ሥር ስበው አወጡና ልብሳቸውን አጣጥፈው ከተቱበት።

ረይሃና በማግስቱ ስትገባ ሻንጣው በር አጠገብ ቆሟል። ገና ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገሯት። ልጅቱ በአባቷ ፊት ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ ቀጥሎም ዓይኗ እንባ አቀረረ። በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። አዴ ወርቂቱ፣ አቶ ከፈለና ወይዘሮ ፋሪዳ የዒድ ስጦታ ይዘው ነበር።

«ኦቦ ቲጃኒ፣ ዒድ ሙባረክ! ዛሬ ወዴት ነን?» አሉ አቶ ከፈለ።

«ወደ የትም። እኔ ማንንም አላዝም። ተጠያቂ ነኝ፤ የሚታዘንልኝ በሽተኛ። ታዲያ ይህን የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ ነው?»



«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ አዴ ወርቂቱ። «ያን ዕለት ልነግርዎ አፌን ከፍቼ ነበር።»

«ለምን ዘጉት?»

«ንግግርዎ ማረከኝ።»

«እኔማ ተናድጄ ነበር» አሉ ወይዘሮ ፋሪዳ። «ለበሽተኛ ሾርባ ይዤ ብመጣ በሽተኛው ‹ሪፖርት!› አለኝ። ግን እነዚያን ሁሉ ቤቶች ማን ያውቃቸው ነበር? እኛ አንድ ሰው ጠይቀን ጽድቃችንን ይዘን ወደ ቤታችን ነበር የምንሮጠው።»

«እኔ ደግሞ» አሉ አቶ ከፈለ፣ «ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህ ጠዋት የሚያስነሣኝ ነገር አልነበረም። አሁን ሸሚዜን ተኩሼ ስወጣ ባለቤቴ ‹አለቃህ ይቆጣል፣ ፍጠን› ትለኛለች። ጌታው፣ እባክዎን ከሥራ አያሰናብቱኝ!»

በዚህ መካከል ከደጅ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ፤ ከድምፁ በላይ ደግሞ የሴት ቁጣ። «ቀስ በል አንተ! ሬሳ መሰለህ እንዴ የጫንከው?»

እማማ ለጢፋ ነበሩ። ከቤታቸው ከወጡ ዓመት አልፏቸዋል። በሾፌሩና በአዴ ወርቂቱ ተደግፈው ገቡና፣ ሳይጋበዙ በኦቦ ቲጃኒ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ትናንት ስቄበት አዝኖ ሄደ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጠይቀው መጣሁ።»

«ያ አላህ!» አሉ አቶ ከፈለ። «ተጠያቂ ተጠያቂን ጠየቀ! አሁን ማን ማንን ነው የሚጠይቀው?»

«አንተ ጸጉር አስተካካይ፣ ሰዋስውህን ለምላጭህ ንገረው» አሉ እማማ ለጢፋ። «ማኅበሩ መጠያየቅ አይደል የሚባለው? ተጠያየቅን፣ አለቀ። ይልቅ ሾርባ የለም?»

ረይሃና ወደ ሰዎቹ ዞረች። «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በዚህ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ቢጠፋ ወይም ቢታመም፣ ‹የት ደረሰ?› ተብሎ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ነው?»

የሁሉም አገጭ ወደ ኦቦ ቲጃኒ ዞረ።

«እንግዲያ አባ ኮ፣ አልዋሹኝም» አለች። «ሻንጣውን እኔ እመልሰዋለሁ።» ወደ አልጋው ወስዳም ልብሱን አንድ በአንድ አወጣች።

ኦቦ ቲጃኒ ወደ አቶ ከፈለ ዞረው፣ እንደ ወትሮው ቆጣ ብለው «ሙሐዲን በዒድ ቀን ሳይላጭ ሊውል ነው?» አሉ። አቶ ከፈለ ሳቅ በሳቅ ሆነው ቦርሳቸውን አነሡ።

ረይሃና ልትመለስ ስትነሣ የአባቷ ሻንጣ በሩ ላይ ጠበቃት። ተከፍቶ ሲታይ ከአዴ ወርቂቱ ግቢ በወረደ አቮካዶና በአንድ ጣሳ ማር ተሞልቷል።

«ይህ ለልጆቹ ነው?»

«ለልጆቹስ ሌላ አለ። ይህ የቦና ነው። አውቶቡሱ ሰኮሩ ላይ ለምሳ ይቆማል። ስልኩ ከጠፋ ቆይቷል፤ ማንም የጠየቀው የለም። ‹ሾፌሩ ቦና› ካልሽ የማያውቀው የለም።»

«አባ ኮ፣ እኔንም አሰማሩኝ ማለት ነው?»

«አዳማ ድረስ ባዶ መኪና?»

ከቀትር በኋላ ስልካቸው ጮኸ። ኦቦ ቲጃኒ ፊታቸውን ወደ በር አድርገው ሲጠብቁት ነበር።

«አገኘሁት!» አለች ረይሃና። ከኋላዋ የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማል። «ደኅና ነው፤ ስልኩ ወንዝ ገብቶበት ነው። ሻንጣውንም ባዶውን አይመለስም ብሎ በርበሬ ሞላበት። መጀመሪያ ግን ተጠራጥሮኝ ነበር። ቁጭ ብሎ እያጨሰ ‹ማን ነው የላከሽ?› አለኝ። ‹ስምሪት› አልኩት።»

«እሺ፣ ምን አለ?»

«ምንም አላለም፣ አባ ኮ። ሲጋራውን አጠፋ።»