የሰር ሆሬስ አገጭ

«ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በገበያው አደባባይ አንድ ጨርቅ ይነሣል። ዝናብ ከጣለም ያው ጨርቅ በዝናብ ይነሣል» ይላል በየግድግዳው የተለጠፈው ማስታወቂያ። የጻፈው የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ኢኖክ ትራንተር ነው።

ጨርቁ ተነሣ። የሰር ሆሬስ ሐውልት ነው የተባለው የነሐስ ሰውዬ አንድ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ አገጩ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ አፍንጫው ወደ ግራ የተጣመመ። ኢኖክ ግራ ገባው። ሟቹ ሰር ሆሬስ ከተማዋን ሃያ ዓመት ሙሉ በፓርላማ ሲወክሉ እሱ ያያቸው አንዴ፣ ያውም በሠረገላ መስኮት ነው። አገጫቸው ድፍን መስሎት ነበር። ለንደን ላለው ሐውልት ሠሪ ፎቶግራፉን የላከው ደግሞ ራሱ ነው፤ ፎቶ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ከተደረደሩት ፖስታዎች አንዱን አንሥቶ፣ ሳይከፍት። ተሳስቶ ከሆነ እንጀራው ተዘጋ።

«ቁርጥ እሳቸው» አሉ ከንቲባው ክራብትሪ። «ስንቴ ጨብጫቸዋለሁ።»

«አፍንጫቸው ግን ትንሽ አልጠመመም?» አለ ኢኖክ ቀስ ብሎ።

«ፈረስ ረግጧቸው ነው፤ ራሳቸው አጫውተውኛል» አሉ የመጠጥ ቤቷ ባለቤት ወይዘሮ ፒንኮት። «እኔ ቤት ሲመጡ ከጥጉ ወንበር ንቅንቅ አይሉም ነበር።»

«የእርስዎ ቤት የተከፈተው ካቻምና አይደል እንዴ?»

«ታዲያ ካቻምና ነዋ።»

ሰር ሆሬስ ካረፉ አራት ዓመታቸው ነው።

«ምነው ትራንተር» አሉ ከንቲባው፣ «አንተ አታውቃቸውም ነበር?»

«ኧረ አሳምሬ ነው የማውቃቸው።»

ሰው ሲያረጅ አገጩ ይሰነጠቅ ይሆን እንዴ ብሎ አሰበ፤ የራሱንም ዳበስ አደረገ።

ከንቲባው ንግግራቸውን ጀመሩ። «ይህ ፊት» አሉ፣ «በየሌሊቱ በሕልሜ የማየው ፊት ነው።» ሕዝቡ አጨበጨበ። ይሄኔ ከኋላ «እባካችሁ አሳልፉኝ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ገበሬ አሳማውን በገመድ እየጎተተ ወደ ከብት ተራው ሊሻገር ነው። ዞር ያለ ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። አፍንጫው ወደ ግራ ተጣሟል፤ አገጩ ለሁለት ተሰንጥቋል። የከንቲባው እጅ ሳያስቡት ወደ ባርኔጣቸው ሄደና አወለቁት። ከዚያ ወይዘሮ ፒንኮት ጎንበስ አሉ። ከዚያ የፊት ረድፉ በሙሉ።

ገበሬው ምን እንደሆኑ አልገባውም። ቀና ብሎ ነሐሱን አየ፤ ቆየት ብሎም አየ። አሳማው ገመዱን ጎተተ።

«ኮቱ» አለ፣ «የእኔ አይደለም።»