የእትዬ ቨርና የመጨረሻው ሠራተኛ

በዚያ ዓመት ቨርና ታትል የዶናት ካርቶን ባየች ቁጥር መደንገጥ ጀመረች። ምክንያት ነበራት። በብራድዌል ከተማ ሥራ የሚለቅ ሰው ባዶ እጁን «ደኅና ሁኑ» አይልም፤ ጠዋት አንድ ካርቶን ዶናት ይዞ ይገባና ሁሉም አንድ አንድ ካነሣ በኋላ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው የበቆሎ ማሳ ላይ ዳታ ሴንተር የሚሉት ግዙፍ የኮምፒውተሮች ማዕከል መገንባት ከጀመረ ወዲህ፣ የቨርና የማሞቂያና የቧንቧ ጥገና ቤት ሦስት ካርቶን ዶናት በልቷል። መጀመሪያ ኤሌክትሪሻኑ ሄደ። ቀጥሎ በያጁ። ከዚያ ስንት ክረምት አብሯት ያሳለፈው የቧንቧ ሠራተኛ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እትዬ፣ እጥፍ ነው እኮ የሚከፍሉት፤ እጥፍ!» አላት። ምን ትበለው? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ዳታ ሴንተሩ ደግሞ እያጣፈጠ ነው የወሰደባት።

የቀራት ዌንደል ብቻ ነበር። ዌንደል ክራውስ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ግዙፍ ሰው ነው። ባሏ ኤልደን በሕይወት ሳለ የቀጠረው ገና ጢሙ ሳይበቅል ነበር። ኤልደን ሲሞት ቨርና ቤቱን ልትዘጋው ቆርጣ ነበር፤ በቀብሩ ማግሥት ጠዋት መጥታ ብታይ ዌንደል መኪናውን አስነሥቶ፣ መሣሪያውን ጭኖ «የዛሬው የት ነው እትዬ?» ብሎ ጠበቃት። አድራሻውን ሰጠችው። በዚያው ቀጠሉ።

እንግዲህ ጥቅምት መጥቶ የመጀመሪያው ውርጭ ሣሩን ባነጣበት ጠዋት፣ ዌንደል በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። በሁለት እጁ ካርቶን ይዟል።

«አስቀምጠው» አለችው ቨርና።

«እንደምን አደሩ እትዬ።»

«አስቀምጠውና ተናገር። ጉሮሮህን ለመጥረግ አትድከም፤ እኔው ጠርጌልሃለሁ።»

«ኧረ መጀመሪያ አንድ ይቅመሱ…»

«ዌንደል! በሞቴ! ተናገርና ገላግለኝ!»

ሰውዬው እስከ ጆሮው ቀላ። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ኮፍያውን አወለቀ። «ጆሊን አርግዛለች» አለ፤ ሚስቱን ነው።

ቨርና ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ከዚያ ተነሥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ አንገቱ ጋ ለመድረስ በጫማዋ ጫፍ መቆም ነበረባት። «አንተ የማትረባ! እንዲህ ያለ ወሬ በዶናት ይነገራል? ኬክ ጠፍቶ ነው? ልትገድለኝ እኮ ነው!» እያለች ትከሻውን በቡጢ ደበደበችው። እሱ እየሳቀ ወደ ሥራው ሲወጣ እሷ ሁለተኛውን ዶናት ጨርሳ ሦስተኛውን አንሥታ ነበር። ስልኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው።

«ወይዘሮ ታትል ነዎት?» አለ አንድ ጨዋ ድምፅ። «ዳታ ሴንተሩ ላይ የማቀዝቀዣ ቧንቧ የምንዘረጋው ሰዎች ነን። ዌንደል ክራውስ የሚባል ሰው እርስዎ ዘንድ ይሠራል?»

«ይሠራል። ምን አጠፋ?»

«ኧረ ምንም። እኛ ዘንድ ሥራ አመልክቷል፤ እስቲ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከአለቃው እንስማ ብለን ነው።»

ሦስተኛውን ዶናት ወደ ካርቶኑ መለሰችው። አመልክቷል! ፊቷ ቆሞ ሲስቅ፣ ሲታቀፍ፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቨርና ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን የበረዶው ክረምት በር ላይ ቆሟል፣ ከተማው ሙሉ አሮጌ ማሞቂያና አሮጌ ሰው ነው፣ ያንን ሁሉ የሚያሞቀው ይኸው አንድ ሰው ነው። አንድ ክፉ ቃል ብትወረውር ይቀርላታል። ማንም አያውቅባትም።

«ቀርፋፋ ነው» አለች።

«እንዴት ማለት?»

«ማሞቂያውን ጠግኖ ከጨረሰ በኋላ ቤቱ እስኪሞቅ ድረስ ንቅንቅ አይልም። ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ካርታ ይጫወታል። እኔ እዚህ ስልክ ሲያሳብደኝ ይውላል።»

«እሺ፣ ሌላስ?»

«ግትር ነው። የሠራው ቧንቧ ጠብ አለ ከተባለ እሑድ አይል፣ በዓል አይል፣ ተመልሶ ይሄዳል። አይሆንም ብትለው አይሰማም።»

«ሌላስ?»

«ንግድ የሚባል አልፈጠረበትም! አዲስ ማሞቂያ ልንሸጥላቸው ስንል “ይሄኛው ገና ብዙ ይሠራል፣ ገንዘብዎን አያባክኑ” ይላቸዋል። ከስሬ ብቀር የሱ ዕዳ ነው!»

ሰውዬው መሳቅ ጀምሮ ነበር። ቨርና የገዛ ድምፅዋን ሰማችና አፈረች። ስም ላጥፋ ብላ ተነሥታ ሳታስበው የሚያሞግስ ሚዜ ሆና ቁጭ አለች።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ» አለ ሰውዬው። «ሄዶ ቢመለስ ይቀጥሩታል?»

ቨርና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። «ጃኬቱን ሳያወልቅ» አለች።

«በቃኝ እትዬ። ከሰኞ ሳምንት ይጀምራል። ዛሬውኑ እነግረዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ዌንደል ተመለሰ። መሣሪያ ሳጥኑን ከፈተ፣ ዘጋ። እንደገና ከፈተ። ቨርና ቀና ሳትል ጠበቀችው።

«ከዳታ ሴንተሩ ደውለውልኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ጆሊን ናት አመልክት ብላ የያዘችኝ። እኔ ደግሞ አይቀበሉኝም ብዬ ነበር። ለእርስዎም ያልነገርኩዎት ለዚያ ነው። ተቀበሉኝ።»

«ታዲያ?»

«እምቢ አልኳቸው።»

እውነቱን ለመናገር ቨርና ደስ አላት። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ልጁ ፊቷ ድቅን አለባት፤ ገና ያልተወለደው። የሷ ቤት የሚሰጠው የጤና መድን ስሙ ብቻ ነው፤ ዳታ ሴንተሩ ዘንድ ግን እናትም ልጅም እንደ ሰው ይታከማሉ። ኤልደን እስኪሞት ድረስ በየሰው ምድር ቤት ተንበርክኮ ጉልበቱን ጨርሷል፤ ዌንደልም አሁን ደረጃ ሲወጣ ማንከስ ጀምሯል።

«ለምን እምቢ አልክ?»

«ክረምት መጣ እኮ። ማን አለዎት?»

«ስለ እኔ አትጨነቅ፤ ቤቱን ልሸጠው ነው» አለች ቨርና።

«ለማን?»

«ለ… ለሆነ ሰው።»

«እትዬ» አለ ዌንደል በዚያ ዝግ ባለ አነጋገሩ፣ «እርስዎ ሲዋሹ መነጽርዎን ያወልቃሉ።»

ቨርና ወደ እጇ አየች። መነጽሩ እጇ ላይ ነው። መልሳ አጠለቀችው።

«እሺ፣ እንግዲህ አጥልቄዋለሁ፤ ስማኝ። ጠዋት ሰውዬው እኔም ዘንድ ደውሎ ነበር። እንድትቀርልኝ ብዬ ስምህን ላጠፋ ተነሣሁ። አፌ እምቢ አለኝ እንጂ እኔስ ጨክኜ ነበር። እንደ ልጄ ነው የምወድህ፣ ግን ዛሬ አየሁት፤ ፍቅሬ እንጀራህን ሊዘጋብህ ነበር። እንዲህ ከሚወድህ ሰው ጋር አትቀመጥ። ደውልና እሺ በላቸው።»

ዌንደል አንገቱን ደፋ። ኮፍያውን በእጁ ያዞር ጀመር።

ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ኦርቪል ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ የሰማንያ ምናምን ዓመት አዛውንት። ማሞቂያቸው ጠፍቷል። ዌንደል የመኪናውን ቁልፍ አነሣ።

«ወዲህ በለው» አለች ቨርና እጇን ዘርግታ። «እኔ ነኝ የምነዳው። የምሠራውም እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?»

«ዕድሜ ልኬን የዚህን ከተማ ማሞቂያ በሽታ በስልክ ሰምቻለሁ። አንዱንም በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ተነሥ፣ አሳየኝ።»

ጋሽ ኦርቪል ካፖርት ደርበው በር ከፈቱላቸው። መሣሪያ ሳጥኑን በቨርና እጅ ሲያዩ «ምነው፣ ሰው አለቀ እንዴ?» አሉ።

«አላለቀም፤ እኔ አለሁ።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!» ብለው ሳቁባት።

ምድር ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ሲሚንቶው ለጉልበት አይራራም። ዌንደል ከኋላዋ ቆሞ አንድ በአንድ ነገራት። ጋዙን አስዘጋት። ሽታ እንደሌለ አረጋገጠ። እሳቱ መኖሩን የምታውቀውን፣ የተቃጠለችውን ቀጭን የመዳብ ዘንግ አስፈታትና አዲሷን አስገጠማት። «አሁን ጋዙን ይክፈቱ። የማሞቂያውን ቁልፍ ተጭነው ትንሿን እሳት ይለኩሱ፤ ከዚያ ዘንጓ እስክትግል አይልቀቁ» አላት።

ለኮሰች። ለቀቀች። ጠፋ። «ወይ ጣጣ!» አለች። እንደገና ሞከረች፤ ጠፋ። «ዌንደል፣ እንዴት ነው ይሄ ነገር?» ብላ ዞር ብትል ደረጃው ሥር ማንም የለም። ልትጣራ አፏን ከፈተችና ተወችው። በሦስተኛው አውራ ጣቷ እስኪደነዝዝ ድረስ ተጭና ቆየች፤ ቀስ ብላ ስትለቅ ትንሿ ሰማያዊ እሳት ሳትጠፋ ቀረች። ቀጥሎ ዋናው ማንደጃ ባንድ ጊዜ ቦግ ሲል ቨርና ወደ ኋላ ተፈነገለች፤ ወለሉ ላይ ተቀምጣም ብቻዋን ሳቀች።

ወደ ላይ ወጥታ በረንዳው ላይ ብትቆም፣ ዌንደል መኪናው ውስጥ በተሳፋሪው ወንበር ተቀምጧል። ስልክ እያናገረ ነው። መስኮቱ ጥቂት ወርዶ ስለነበር ድምፁ ይሰማል። «አዎ ጆሊን… ደወልኩላቸው አልኩሽ እኮ… ሰኞ ሳምንት። አዎ፣ እውነቴን ነው።» ቨርና ጥቀርሻ የነካውን እጇን እንዳንጠለጠለች፣ እስኪጨርስ ድረስ ንቅንቅ አላለችም። ነፋሱ ፊቷን ገረፈው። በእጅጌዋ ጉንጯን የጠረገችው ግን በነፋሱ ምክንያት አልነበረም።

ዌንደል ስልኩን ዘጋና አያት። መስኮቱን እስከ ታች አወረደው።

«በራ?»

«በራ። አንተስ?»

«ነገርኳት» አለ። «አለቀሰች።»

«እሷም?» አለች ቨርና፣ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሷ እየፈለገች።