ነጭ የተቀባው መስታወት

በለጡ ቁጡ ናት ይሏታል፤ ውሸት አይደለም። በዚያ በታኅሣሥ የተቆጣችው ቁጣ ግን የዱሮውን ሁሉ አስረሳ። ነገሩ የመጣው በሙቅ ውሃ ነው።

ባሏ አካሉ ግንበኛ ነበር። የቀበሌውን አዳራሽ ሲሠሩ ከመወጣጫው ላይ ወድቆ ወገቡ ከተሰበረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልወረደም። ሰው ተኝቶ ሲከርም ጀርባው ይቆስላል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ አየችውና፣ በየቀኑ ለብ ባለ ውሃና በጨው ይታጠብ፣ ውሃው ከቀዘቀዘ ሰውነቱ ይኮማተራል፣ ካልታጠበ ደግሞ ቁስሉ አጥንት ይደርሳል፣ ያኔ እኔን አትጥሩኝ ብላ ሄደች። በለጡ ይህንን ቃል እንደ ግዝት ያዘችው። አንድ ቀን አጉድላ አታውቅም።

ውሃ ለማሞቅ እሳት ይፈልጋል። እሳቱ ከየት ይምጣ? ነጭ ጋዝ በኩፖን ነው፤ ለወር ተብሎ የሚሰጠው ለሳምንት አይበቃም። ስለዚህ ገና ወፍ ሲንጫጫ ተነሥታ እንጦጦ ትወጣለች። የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርጋ፣ ጭራሮ ለቅማ፣ ከራሷ የሚበልጥ ሸክም አዝላ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። የደን ዘበኛ ካገኛት ሸክሙን ያራግፍባታል፤ ገመዷን ይቀማታል። አንዱማ ጉልበቷን በዱላ መትቷት እስከ ፋሲካ ስታነክስ ከረመች። ያን ቀን አካሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ተይኝ፣ እኔ እንደሆንኩ አልድን፣ አንቺ ደግሞ ለምን ትሰበሪያለሽ አላት። ዝም በል አለችውና አጠበችው።

ይህን ሁሉ የሚያይ ጉደታ የሚባል ጎረቤት ነበራቸው። ሾላ ገበያ ዳር ተቀምጦ ባልዲና ማንቆርቆሪያ የሚሠራ ቆርቆሮ ሠሪ ነው። ድሮም ዝምተኛ ነው፤ እሱና የእምነት ወገኖቹ የሚጸልዩበት ቤት በመንግሥት ከታሸገባቸው ወዲህ ብሶበታል። አንድ እሑድ ሳይጠራ መጥቶ ጣሪያቸውን ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ ፀሐይ ውሃ ታሞቃለች፣ ልሥራልሽ አለ። በለጡ ሳቀችበት። ፀሐይ የምታሞቅ ቢሆን ኖሮ እኔ ጉልበቴን ለማን ብዬ አሰበርኩ አለችው። እሱ ግን ሄዶ ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ ጠፍጣፋ ሳጥን የመሰለ የውሃ መያዣ በየደ፣ ጥቁር ቀባው። በእንጨት ሳጥን ውስጥ ሰጋቱራ ጎዝጉዞ አስተኛው፤ በላዩ ከፈረሰ ቤት ያገኘውን የመስኮት መስታወት ከደነበት። ከሥሩ የውሃ ጎማ አወጣ፤ ጎማውን በጣሪያው ቀዳዳ አሾልኮ አካሉ ራስጌ ድረስ አወረደውና ጫፉ ላይ መክፈቻ ገጠመለት።

ጠዋት በመሰላል ወጥታ ሁለት ባልዲ ሞላችበት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ምን ይኖረዋል ብላ፣ መክፈቻውን አዙራ እጇን ከሥሩ አደረገች። ፈጀኝ ብላ እጇን ሳበች። አንድም ጭራሮ አልነደደም፤ ጭስ የለ፣ ዘበኛ የለ። በቀጥታ ወጥታ ወደ ጉደታ ቤት ሄደች።

"አንተ ሰውዬ" አለችው በሩ ላይ ቆማ፣ "ይህን እያወቅህ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብለህ ታየኝ ነበር?"

ጉደታ ይህን እንደ ምስጋና ቆጠረው። ምስጋናም ነበር፤ በለጡ ሌላ ዓይነት አታውቅበትም።

ከጥቅምት ጀምሮ ተራራ መውጣት ቀረ። ደመና ሲሆን ብቻ ትንሽ ጋዝ ትጨምርበታለች። የአካሉ ቁስል ዳር ዳሩ ሥጋ መያዝ ጀመረ። ኅዳር ሲያልቅ ነርሷ አይታው፣ እንዲህ ከቀጠለ እስከ ጥምቀት ይደርቃል አለች። አካሉ አሁን አሁን ይጫወት ጀምሯል፤ ጎማውን፣ ከሰማይ የወረደልኝ ጡጦ ይለዋል።

ከዚያ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከበበ ይባላል። ከበለጡ በአሥር ዓመት ያንሳል፤ ቁልቁል እያየ ነው የሚናገረው፣ ሰዉ ሁሉ ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚሰማው ይመስል። በአዳራሹ ስብሰባ ጠርቶ፣ የወዳጅ አገር እንግዶች የየካንና የእንጦጦን ተራራ ደን ሊጎበኙ ነው፣ ደን እንዴት እንደምንጠብቅ ሊያዩ ነው፣ ስለዚህ ከመገናኛ ጀምሮ ከመንገድ የሚታይ ነገር ሁሉ ነጭ ይቀባል አለ። አጥሩ፣ ድንጋዩ፣ የዛፉ ግንድ ሳይቀር። ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ነገር ወይ ይወርዳል ወይ ይቀባል።

በለጡ እጇን አወጣች። የእኔ ጥቁር የሆነው ፀሐይ እንዲይዝ ነው፣ ነጭ ከሆነ አይሞቅም፣ በሽተኛ የማጥበው በእሱ ነው ብላ አስረዳች። ደን ለመጠበቅም ቢሆን ይኼው እኔ ቅጠል መልቀም ትቻለሁ አለች። ከኋላ የሳቁም ነበሩ። ከበበ፣ ይታያል ብሎ ወደ ሌላው ጉዳይ አለፈ።

ቀቢዎቹ የመጡት እሷ ለሳሙና ሰልፍ በቆመችበት ቀን ነው። አካሉ የእግር ኮቴ ከራሱ በላይ ሲሰማ ከአልጋው ሆኖ ጮኸ፤ መስታወቱን፣ መስታወቱን አላቸው። አይዞህ አባባ፣ አንሰብረውም አሉት። እውነትም አልሰበሩትም። ጥቁሩን ነገር ቀቡ ተብለዋል፤ ከላይ ሲያዩት ጥቁር የሚመስለው መስታወቱ ነው፤ መስታወቱን ቀቡት። በዘይት ቀለም፣ ሁለት ጊዜ፣ እንደ ወተት አድርገው።

በለጡ ስትመለስ ሳሙናዋን እንደያዘች መሰላሉን ወጣች። አይታ ወረደች። ቀበሌ ሄዳ ከበበን፣ ሰው መስኮት ነጭ ቀብቶ ቤቴ ለምን ጨለመ ይላል ወይ አለችው። ከበበም፣ እንግዶቹ ሐሙስ ያልፋሉ፣ ከዚያ ትፍቂዋለሽ፣ እስከዚያ ግን የተቀባ የነካ አሻጥረኛ ነው፣ አሻጥረኛ ደግሞ የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ አላት። ታውቃለች። ደግሞ ለራሷ አልፈራችም፤ እኔ ብታሰር እሱን ማን ያገላብጠዋል ብላ ነው አፏን የዘጋችው።

ሐሙስ እንግዶቹ አልመጡም። ለሰኞ ተላለፈ። ሰኞም ለሌላ ሐሙስ ተላለፈ፤ ያም ሐሙስ ባዶውን አለፈ። ውሃው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትከፍተው ጠዋት እንደሞላችው ነው፤ የታኅሣሥ ውርጭ ያደረበት። የኩፖኑ ጋዝ በአምስት ቀን አለቀ። ጉደታ የእሱን ድርሻ አመጣላት፤ እሱም አለቀ። ገመዷን ይዛ እንጦጦ ወጣች። ለእንግዶቹ ሲባል ዘበኛው እጥፍ ሆኗል። ገና ግማሽ ሸክም ሳትጠርግ ያዟትና ገመዷን በጥሰው እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አስቀመጧት። ባዶ እጇን ወረደች። ስትወርድ መንገዱን ግራ ቀኝ አየችው፤ ድንጋዩ ነጭ፣ ግንዱ ነጭ፣ አጥሩ ነጭ። መንደሩ ሁሉ የተገነዘ መሰላት።

ያን ቀን በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችው። አካሉ ጥርሱን ነከሰ። በማግስቱም ቀዝቃዛ ነበር። በአራተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። በስምንተኛው ቀን ጨርቁን ስታነሣ፣ የያዘው ሥጋ ለቆ፣ ሽታው መጣ።

እንደገና ወደ ከበበ ሄደች። ቁስሉ ተከፈተ አለችው። እሱም የሚያነበውን ወረቀት ሳይለቅ፣ "ጓድ በለጡ፣ የታመመው ያንቺ ባል ብቻ አይደለም። የአገር ገጽታ ነው፤ አንድ ሳምንት ታገሺ" አላት።

ማታ አካሉ ምን አሉሽ አላት። ቢላዋዋን አንሥታ ትስል ጀመር።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቢላዋና በጋዙ ዕቃ ሥር በቀረው ጠብታ የራሰ ጨርቅ ይዛ ጣሪያው ላይ ወጣች። ቀለሙን ትፍቀው ጀመር። ድምፁ ጥርስ ያፋጫል። ማዶ ያለችው የሴቶች ማኅበሯ ወርቄ አየቻትና ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ ወደ ቀበሌ ሮጠች። መዳፍ የምታህል መስታወት ስትገለጥ ከበበ ሁለት አብዮት ጥበቃ አስከትሎ ደረሰ። ውረጂ አላት። አልወረደችም። ይህ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ አላት። መፋቅ ይባላል አለችው። አንደኛው ጥበቃ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ፤ ሰዉ ከየደጃፉ መውጣት ጀመረ።

ያን ጊዜ በለጡ በራሷ ጊዜ ወረደች። ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"እሰረኝ፤ እሺ" አለች። "ግን መጀመሪያ ግባ። እኔ እስር ቤት ስገባ የሚያጥበው ሰው ያስፈልጋል፤ እንዴት እንደሚታጠብ ላሳይህ።"

ከበበ አልገባም ሊል ነበር፤ ሰዉ ያየዋል፤ ገባ። በለጡ አካሉን በጎኑ አስተኛችው፤ ጨርቁን ገለጠችው። ከበበ እጁን ወደ አፍንጫው ሊወስድ ሲል የማጠቢያውን ሣህን አስያዘችው፤ ሁለት እጁ ተያዘ። ከዚያ የጎማውን መክፈቻ አዞረች። ውሃው ሣህኑ ውስጥ ተንዠረዠረ፤ የጣቶቹ ጫፍ እርጥብ ሲሆን ትከሻው ሽምቅቅ አለ።

"ጣትህን ነው የነካህ" አለችው። "አሁን እዚህ ላይ አፍስሰው።"

ከበበ ቆመ። አካሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ፣ "አፍስሰው፣ ጓድ፤ ለምጄዋለሁ" አለ። ቂም በሌለው ድምፅ ነው ያለው። ከበበ አላፈሰሰም። ሣህኑን መሬት ላይ ሊያስቀምጥ ሲያጎነብስ ግማሹ ሱሪው ላይ ተደፋ። አካሉ የቀበሌውን አዳራሽ የገነባ ሰው መሆኑን ረስቶት እንደሆነ፣ ወይም ያን ጊዜ ትዝ ብሎት እንደሆነ፣ እሱ ያውቃል። በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ።

"እሺ" አለ ወለሉን እያየ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። "ከመንገድ በኩል ያለውን ግማሹን ተይው። በዚህ በኩል ያለውን ግማሽ ፍቂ።"

በለጡ አልፋው ወጣች፤ ቢላዋዋን አነሣች፤ መሰላሉን ወጣች። የጀመረችውን ጎን ጨርሳ ወደ መንገዱ በኩል ስትዞር ሁለቱ ጥበቃዎች ከበበን አዩት። ከበበ መንገዱን አየ። የሚያልፍ መኪና አልነበረም። ቆሞ ቆሞ፣ እርጥብ ሱሪውን ከጭኑ ላይ እየላቀቀ፣ ወደ ቀበሌው ሄደ። ወርቄ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ስለነበር፣ በለጡ ከላይ ሆና፣ ቆመሽ ከምታዪኝ አንድ ባልዲ ውሃ አቀብዪኝ አለቻት። ወርቄ አቀበለቻት።

ቀለሙ ሁለት ጊዜ የተቀባ ነውና በየማዕዘኑ ሳይለቅ ቀረ። ስድስት ሰዓት አልፎም ትፍቅ ነበር፤ ጣቶቿ ደሙ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መክፈቻውን ስታዞር ውሃው እንደ ጥቅምቱ አልፈጃትም። ለብ ብሏል። ጨው በተነችበት፤ አካሉን በጎኑ አዞረችውና ቀስ ብላ ማጠብ ጀመረች። ነርሷ የተናገረችው አጥንት አሁን ምን ያህል እንደቀረበ በጣቷ ልትፈልገው አልደፈረችም።

አካሉ ውሃው ሲነካው እንደ ሰሞኑ አልተኮማተረም። ቅድም ከበበ በሩ ላይ ምን አለሽ ብሎ ጠየቃት።

"ግማሹን ፍቂ፣ ግማሹን ተዪ አለኝ።"

አካሉ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ወገቡን እያመመው፣ ትራሱን ይዞ ሳቀ።

"እኔንስ የትኛውን ግማሼን እንድታጥቢ ነው?"

በለጡ አልሳቀችም። ጨርቁን ጨምቃ እንደገና ነከረችው፤ ዝም በል፣ አትንቀሳቀስብኝ አለችው።