የመዝጊያ ጸሎት፦ መፍቻው

መፍቻው የሚሉት የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰፈርተኛው ነው፤ መፍቻ ከእጁ ስለማይለይ። ደፋር ነው። የሞላ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ እያፏጨ ይወጣል። አራተኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የውሃ ታንከር ሲፈታ ራሱን የሚያዞረው ከታች ቆሞ የሚያየውን ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ ይፈራል፤ ሰው ፊት ድምፁን አውጥቶ መጸለይ። «እስቲ ወንድማችን በጸሎት ይዝጋልን» ከተባለ አለቀለት፤ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ላቡ ይንቆረቆራል።

ስለዚህ ብልሃት አበጀ። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ እነ ጋሼ ቤት የጸሎት ኅብረት አለ። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱ ሊያልቅ ሲል መፍቻው ጆሮውን ወደ ማድ ቤት ይጥላል። «ይሄ ቧንቧ ይንጠባጠባል እንዴ?» ይልና ዕቃውን ይዞ ብድግ። ተጸልዮ «አሜን» ሲባል እጁን በጨርቅ እየጠራረገ ብቅ ይላል። ደግነቱ ቧንቧው እውነትም ሳይንጠባጠብ ቀርቶ አያውቅም።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት መፍቻው የፈነዳ ቧንቧ ሊጠግንላቸው ቢመጣ፣ ባትሪ ይዘው እያበሩለት ወሬ ጀመሩት። መጀመሪያ ስለ ቧንቧ ጠየቁት፤ ቀጥሎ ስለ እናቱ፤ ቀጥሎ ደግሞ ለምን ሁልጊዜ እንደሚናደድ። ቧንቧው በአንድ ሰዓት አለቀ፤ ወሬው አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። መጽሐፍ ቅዱስ ያስነበቡት፣ ከመጠጥ ያላቀቁት፣ ከወንድሙ ያስታረቁት እሳቸው ናቸው። ጮክ ብሎ እንዲጸልይ ማድረግ ብቻ አቃታቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ ዐረፉ። ለመፍቻው የተደወለለት አንድ ደንበኛ ቤት የዕቃ ማጠቢያ ሥር በጀርባው ተጋድሞ ሳለ ነው። እዚያው እንደተጋደመ አለቀሰ። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ውሃው የባሰ መስሏቸው ሌላ ጨርቅ አመጡለት፤ እሱም ተቀብሎ ፊቱን ጠረገበት። እንደ አባት የሚያያቸው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በማግስቱ የጋሼ ባለቤት እትዬ አስጠሩት። የቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢም እዚያ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ጋሼ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ በገዛ እጃቸው የጻፉት የቀብራቸው መርሐ ግብር ተቀምጧል። መዝሙሩ አለ፣ ንባቡ አለ። ስብከቱ አጠገብ ለመጋቢው ማስታወሻ ተጽፎበታል፦ «ከዐሥር ደቂቃ ካለፈ ተነሥቼ እሄዳለሁ።» የመጨረሻው መስመር ግን «የመዝጊያ ጸሎት፦ መፍቻው» ይላል።

«ስሕተት ነው» አለ መፍቻው። «ታመው ስለነበር ነው። በሞቴ፣ እትዬ፣ ተዉኝ።»

«ሞት ለዚህ ሳምንት ይበቃናል» አሉት እትዬ።

«መጋቢ ይጸልዩ። እሳቸው ተምረውበታል።»

«እኔ ዐሥር ደቂቃዬን ይዤ አርፌ ልቀመጥ» አለ መጋቢው።

«የነገው የሐሙስ ቀብር ደግሞ አይመቸኝም፤ አንድ ቤት ውሃ ፈንድቶ...»

«የማን ቤት?»

«ገና አልፈነዳም።»

እትዬ ሳቁ፤ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ና እስቲ» ብለው ማድ ቤት ወሰዱትና ቧንቧውን አሳዩት። አንዲት ጠብታ የለችም። «ጋሼህ ሆስፒታል ከገቡ ወዲህ ጠብ ብሎ አያውቅም» አሉት። «ሐሙስ ሐሙስ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት የሚያላሉት እሳቸው ነበሩ። ሰበብ አጥቶ ሰው ፊት እንዳያፍርብኝ ይሉ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንተ ታጠብቃለህ፣ እሳቸው ያላላሉ።»

መፍቻው ሲያታልል የኖረ መስሎት ነበር፤ ለካስ ሲታለል፣ ያውም በፍቅር ሲታለል ነው የኖረው። ከዚህ በኋላ እምቢ የሚልበት አፍ አጣ።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መቃብሩ ዘንድ ሲመጣ፣ ለማንኛውም ብሎ የስልኩን ማንቂያ ለዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሞልቶት ነበር። መጋቢው ስብከቱን በዘጠነኛው ደቂቃ ጨረሰ፤ ማን ያውቃል ብሎ ይሆናል። «አሁን መፍቻው በጸሎት ይዘጋልናል» ከማለቱ ስልኩ ጮኸ። «ወይኔ፣ ሥራ ቦታ ነው መሰለኝ» ሲል እትዬ እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ዚፑን ዘጉት።

ሰዉ ዐይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። መፍቻው ብዙ ጸሎት አያውቅም፤ የሚያውቀው ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ብቻውን የሚጸልየውን ነው። ሌላ መላ ስላጣ እሱኑ ጀመረው። «ጌታ ሆይ፣ በሰላም ስላሳደርከን አመሰግንሃለሁ። ሚስቴን ጠብቅልኝ። ወንድሜን ባርክልኝ። ጋሼንም አደራ፤ ያን የሚያማቸውን ቀኝ ጉልበታቸውን ፈውስልኝ፤ ደረጃውን ሳይጨነቁ እንዲወጡ...»

ካፉ ካመለጠ በኋላ ነው ያለውን የሰማው። ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሊደብቅ ሞከረ። የመዘምራኑ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። የሞተ ሰው ጉልበት! መፍቻው ጉድጓዱ ውስጥ ከጋሼ ጎን ቢገባ በወደደ።

«አሜን!» አሉ እትዬ፤ ጮክ ብለው፣ ከልባቸው። «ይፈውሳቸው! ያን ቀን በሁለቱም ጉልበታቸው ይነሡ!»

ሳቁ ቆመ። «አሜን» አለ ሰዉ። መፍቻውም ነገሩ ያን ጊዜ ገባው። ጋሼ በትንሣኤ ቀን ይነሣሉ ብሎ ያምን የለም እንዴ? ታዲያ ሲነሡ በምን ሊቆሙ ነው? አልተሳሳተም። «አዎ ጌታ ሆይ» ብሎ ቀጠለ፣ «ጆሯቸውንም አትርሳ፤ ግራው አይሰማም ነበር። ጥርሳቸውንማ ታውቀዋለህ።» ከጥርስ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ እትዬ፣ ከእትዬ ወደ እያንዳንዱ የኅብረቱ ሰው ዞረ። ዐሥር ደቂቃ አለፈ። መጋቢው ሰዓቱን አየ። መዘምራኑ በአንድ እግራቸው መቆም ጀመሩ። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ጠበቁ። መፍቻው አሜን አልል አለ።

ሰዉ ድፍረቱ መጣለት ብሎ ተደሰተ። እትዬ ብቻ ዐይናቸውን ገልጠው ፊቱን አዩት። እሱም ዐይኑን አልጨፈነም። የሚያየው አካፋዎቹን ነበር፤ አሜን ካለ አፈሩ ይመለሳል።

እትዬ ጠጋ ብለው ክንዱን ያዙት። «ልጄ» አሉት ቀስ ብለው፣ «አሜን በል። እንገናኝ የለም እንዴ።»

መፍቻው እንባው አገጩ ላይ ሲወርድ አልጠረገውም። «እንግዲህ እስክንመጣ አንተው ያዛቸው» አለ፤ ሰዉ ሁሉ ሰማው። «አሜን።»

ቆፋሪዎቹም አካፋቸውን አነሡ።